ካሚኒቶ ዴል ሬይ፦ መኪናችሁን መጨረሻው ላይ አቁሙ

በደቡብ ስፔን፣ በማላጋ ተራሮች ወዳለው የገደል ላይ የእግር መንገድ፣ ካሚኒቶ ዴል ሬይ የምትሄዱ ሁሉ መኪናችሁን መነሻው ላይ ሳይሆን መጨረሻው ላይ፣ ኤል ቾሮ መንደር አቁሙ። መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ በሰሜን ከአርዳሌስ በኩል ተገብቶ በደቡብ ኤል ቾሮ ይወጣል። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰውን አውቶቡስ ጉልበት ሳላችሁ አስቀድማችሁ ብትሳፈሩ፣ ጉዞው ሲያበቃ በዛለ እግር ፀሐይ ላይ ቆሞ መጠበቅ አይኖርም። ከማላጋ በባቡር የሚመጣ ሰውም የሚወርደው እዚያው ኤል ቾሮ ነው።

አውቶቡሱ ካወረዳችሁ በኋላ እስከ መግቢያው የእግር መንገድ ስላለ በቂ ጊዜ ያዙ። ቲኬቱ ቶሎ ያልቃል፤ ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ግዙ። ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይገባም። ሄልሜት እዚያው ይሰጣል።

ከጓዳልሆርሴ ወንዝ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በገደሉ ግድግዳ ላይ በተሰካው መረማመጃ ስትሄዱ አትቸኩሉ፤ ጥንብ አንሳዎቹ በዓይናችሁ ትይዩ ሲያንዣብቡ ማየት ብቻውን ድካሙን ያስረሳል። ነፋስ ከበረታ ግን መንገዱ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ከማላጋ ከመነሳታችሁ በፊት የዕለቱን ማስታወቂያ ተመልከቱ።