የሚጠበስ ስጋ መዘፍዘፊያ በቤት ውስጥ እንዴት ይዘጋጃል?

አንድ ጊዜ የዶሮ ደረት በሎሚ ጭማቂ ዘፍዝፌ አሳደርኩ። ብዙ በቆየ ቁጥር የበለጠ ይጥማል ብዬ ነው። ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ስጋው ዳር ዳሩ ነጭ ብሎ የተቀቀለ መስሏል። ከሰሉ ላይ ሳወጣው ደግሞ ላዩ እየተፈረፈረ ፍርግርጉ ላይ ቀረ፣ ውስጡ ደረቀ። እንግዶቼ ጨዋ ስለሆኑ ዝም ብለው በሉ። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ መዘፍዘፊያ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ለይቼ ማወቅ ጀመርኩ።

መዘፍዘፊያ ስል ብዙዎች ማሪኔድ የሚሉትን ማለቴ ነው። ስጋው ከመጠበሱ በፊት የሚቆይበት የዘይት፣ የጎምዛዛ ነገር፣ የጨውና የቅመም ድብልቅ ነው። ለመሥራት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሚያስቸግረው ቅመሙ ሳይሆን ሰዓቱና ጨው ነው።

ወደ ስጋው የሚገባው የትኛው ነው?

ነጭ ሽንኩርቱም፣ ቁንዶ በርበሬውም፣ ቅጠሉም ስጋው ውስጥ ዘልቆ ይገባል ብለን እናስባለን። አይገባም። አብዛኛው ጣዕም ቢያድርም እንኳ ከላይ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። በደንብ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጨው ነው። ጨው ስጋው ሲጠበስ ውሃውን እንዳይለቅ ያግዛል፣ ውስጡንም ያጣፍጣል። ስለዚህ ጨው የሌለው መዘፍዘፊያ ቅባት ነው እንጂ መዘፍዘፊያ አይደለም። «ጨው ስጋውን ያደርቃል፣ ሲቀርብ ይጨመር» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም።

መጠኑ ለ1 ኪሎ ስጋ 2 የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ነው፣ ወደ 12 ግራም ማለት ነው።

ሎሚና አቼቶ የስጋውን ላይ ያለሰልሳሉ፣ ጣዕሙንም ነቃ ያደርጉታል። ሲበዙ ወይም ሲቆዩ ግን ያበላሹታል፤ የእኔን ዶሮ አስታውሱ። ዘይት ደግሞ የነጭ ሽንኩርቱንና የቅመሙን ጣዕም ተሸክሞ ስጋው ላይ እኩል ያዳርሳል፣ ፍርግርጉ ላይ እንዳይጣበቅም ይረዳል።

መነሻው ድብልቅ

ይህን አንድ ጊዜ ከለመዳችሁ ሌላው ሁሉ የዚሁ ዘመድ ነው። ለ1 ኪሎ ስጋ የሚበቃ፦

- 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
- 3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ
- 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ተላጦ የተደቆሰ
- 2 የሻይ ማንኪያ ጨው
- 1 የሻይ ማንኪያ አዲስ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ

መጀመሪያ ጨውን በሎሚው ጭማቂ አሟሙት። ጨው ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ መጀመሪያ ዘይቱን ከጨመራችሁ ሥሩ ላይ ይዘቅጥና አንዱ ቁራጭ ጨው በጨው ሲሆን ሌላው አልጫ ይሆናል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱንና ቁንዶ በርበሬውን ጨምሩ። በመጨረሻ ዘይቱን ቀስ እያላችሁ እያፈሰሳችሁ በሹካ ምቱት።

ልብ በሉ፣ ዘይቱ የሎሚው እጥፍ ነው። ሌላ ድብልቅ ከራሳችሁ ስትፈጥሩም ይህን ሚዛን ብትይዙ ብዙ አትሳሳቱም።

ለበሬ ስጋም፣ ለበግም፣ ለዶሮም ይሆናል። የጥብስ ቅጠል ወይም በሶብላ ከትፋችሁ ብትጨምሩበት ደስ ይላል።

የእርጎው

ለዶሮ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። የእርጎ ጉምዛዜ ከሎሚ የለዘበ ስለሆነ ስጋውን ሳይጎዳ ቀስ ብሎ ያለሰልሳል። ወፍራም ስለሆነም ቅመሙን ይዞ ስጋው ላይ ይለጠፋል።

1 ኩባያ ስኳር የሌለው ወፍራም እርጎ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 4 ፍሬ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል፣ 2 የሻይ ማንኪያ ፓፕሪካ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ እና 2 የሻይ ማንኪያ ጨው አንድ ላይ አማስሉ። እርጎው ቀጭን ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት አጥልሉት። እርድ ልብስ ላይ ከነካ አይለቅም፣ እንዳትረሱ።

ከዶሮው ታፋውን ምረጡ። ደረት ቶሎ ይደርቃል፣ ታፋ ግን ትንሽ እሳት ቢበዛበትም ይቅር ይላል። ዶሮውን ሁለት ሦስት ቦታ በቢላ ጠለቅ አድርጋችሁ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጉት። ቅመሙ ላይ ላዩን ብቻ የሚሠራ ከሆነ የሚነካውን ቦታ ማብዛት ነው መላው። ቢያንስ ለ4 ሰዓት፣ ቢበዛ እስከ ማግስቱ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

የሶያ ሶሱ

ለቸኮለ ሰው። 80 ሚሊ ሊትር ሶያ ሶስ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ የተፈቀፈቀ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት። ሌላ ጨው አትጨምሩ፤ ይህን ያህል ሶያ ሶስ ብቻውን ወደ 12 ግራም ጨው ይዟል። በስሱ ለተቆረጠ የበሬ ስጋ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይበቃዋል።

ማሩን ከ1 ማንኪያ አታሳልፉ። ስኳር ያለበት ነገር ስጋው ሳይበስል ያርራል። ጣፋጭ ማድረግ ከፈለጋችሁ ተጨማሪውን ማር በመጨረሻዎቹ 3 ወይም 4 ደቂቃዎች በብሩሽ ቀቡት። ላዩ ያብረቀርቃል፣ አይቃጠልም።

ለበግ

3 የሾርባ ማንኪያ ማስታርድ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ የተከተፈ የጥብስ ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። አሽታችሁ አሳድሩት። በቃ።

አናናስና ፓፓያ ላይ አንድ ነገር

ጠንካራ ስጋ ለማለስለስ ጥሬ አናናስ ወይም ፓፓያ ፈጭተው የሚጨምሩ አሉ። ይሠራል፣ እንዲያውም ከመጠን በላይ ይሠራል። በፍሬዎቹ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የስጋውን ፕሮቲን ይቆራርጡታል። ለ1 ኪሎ 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፣ ሰዓቱም ከ30 ደቂቃ አይለፍ። ረስታችሁት ካደረ ላዩ ሊጥ ይሆንባችኋል። የታሸገ አናናስ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲታሸግ ስለሚፈላ ኢንዛይሙ ሞቷል። የሚሰጣችሁ ጣዕም ብቻ ነው።

እንዴት ይዘፈዘፋል?

ስጋውን እኩል ውፍረት አስይዛችሁ ቁረጡ። በእንጨት ወይም በብረት ዘንግ የሚሰካ ከሆነ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎን ያለው ቁራጭ ጥሩ ነው። ዶሮውን አትጠቡት። ውሃው እየተረጨ ጀርሙን ወጥ ቤቱ ውስጥ ከማዳረስ በቀር ጥቅም የለውም፤ ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው።

ከዚያ ስጋውን ዚፕ ያለው የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጨምሩ፣ ድብልቁን አፍሱበት፣ አየሩን ጨምቃችሁ አስወጡና ዝጉ። ከረጢቱ ስጋውንና ድብልቁን አጣብቆ ስለሚይዝ ትንሽ መዘፍዘፊያ ብዙ ስጋ ያዳርሳል። ከረጢት ከሌለ የብርጭቆ ሳህን ከነክዳኑ ይሆናል። የአሉሚኒየም ዕቃ ግን ተዉት፤ ሎሚና አቼቶ ከብረቱ ጋር ተዋህደው መጥፎ ጣዕም ያመጣሉ።

ሁልጊዜ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልበለጠ ቅዝቃዜ አቆዩት። ጠረጴዛ ላይ ትቶ ማሳደር የለም። ሎሚው ጀርም ይገድላል ብላችሁም አትተማመኑ። ከታች ባለው መደርደሪያ፣ ሳህን ላይ አስቀምጡት፤ ከረጢቱ ቢያፈስ ሰላጣው ላይ እንዳይንጠባጠብ።

ሰዓቱን በተመለከተ እኔ የምከተለው ይህን ነው። ሎሚ ያለበት ከሆነ ዓሣ 20 ደቂቃ፣ ዶሮ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት፣ ወፈር ያለ የበሬ ወይም የበግ ስጋ እስከ 4 ሰዓት። ማሳደር ካማራችሁ ሎሚውን ቀንሱት፣ ወይም ጭራሽ ትታችሁት ስጋው ከእሳቱ ሲወጣ ጭመቁበት። እኔ አሁን አሁን የማደርገው ሁለተኛውን ነው፤ ጣዕሙ ትኩስ ይሆናል።

ከመጥበሳችሁ በፊት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ስጋውን ከድብልቁ አውጡ፣ አንጠፍጥፉ፣ ከዚያ በሶፍት ጠረግ ጠረግ አድርጉት። «ያን ሁሉ ደክሜ ልጥረገው?» ትሉ ይሆናል። አዎ። እርጥብ ስጋ ውሃው እስኪተን ድረስ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ ያ የምንወደው ቡናማ ቅርፊትና መዓዛ ግን በደንብ የሚመጣው ከ140 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። ዘይቱ እሳት ላይ ከተንጠባጠበም ነበልባል ይነሳል፣ ስጋው ጥላሸት ይለብሳል። የእርጎውን መጥረግ አያስፈልግም፤ የተትረፈረፈውን በእጃችሁ ግፈፉት።

የእንጨት ዘንግ ከሆነ ቀድማችሁ 30 ደቂቃ ውሃ ውስጥ አቆዩት።

እሳቱ ላይ

ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ከዚያ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስቡት። አንዱ ጎን ኃይለኛ፣ ሌላው ለስላሳ ይሆናል። ስጋውን በኃይለኛው ላይ ቡናማ አድርጉ፣ ወደ ለስላሳው አሻግራችሁ አብስሉ። ነበልባል ሲነሳም መሸሻ አላችሁ። ለማገላበጥ መቆንጠጫ ተጠቀሙ።

መብሰሉን በዓይን መገመት ለዶሮ አይሠራም፤ በተለይ እርድና ፓፕሪካ ያለበት ዶሮ ጥሬው ራሱ የተጠበሰ ይመስላል። የስጋ ቴርሞሜትር ካላችሁ ከአጥንቱ ራቅ አድርጋችሁ ወፍራሙ ቦታ ላይ ውጉት። ዶሮ 74 ዲግሪ፣ የተፈጨ ስጋ 71 ዲግሪ፣ ያልተፈጨ የበሬና የበግ ስጋ 63 ዲግሪ ደርሶ 3 ደቂቃ ማረፍ አለበት።

ጥሬ ስጋ የነካውን ድብልቅ በፍጹም የበሰለ ስጋ ላይ አታፍስሱ። ማባያ ካማራችሁ፣ መዘፍዘፊያውን ስትሠሩ ስጋው ሳይነካው አንድ ሲኒ ያህል ቀንሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ዘይት ውጭ አይቀመጥም፤ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከ4 ቀን በላይ አታቆዩት።

የበሰለውን ስጋ ጥሬው በነበረበት ሳህን ሳይሆን በንጹሕ ሳህን አውጡት፣ አምስት ደቂቃ ይረፍ። ከዚያ የስጋውን ክር በአግድም እያቋረጣችሁ ቁረጡትና ቀንሳችሁ ያስቀመጣችሁትን ማባያ ከላይ ጣል አድርጉበት።