የአያቴ ዝናርና አረንጓዴው ዝገት

የአያቴ ዝናር ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግሁት። የተሰካበት የውጅግራ ቀለህ ነው። ውጅግራ የፈረንሳዩ የ1874 (እ.ኤ.አ.) ጠመንጃ «ፉዚ ግራ» ነው፤ ስሙ በእኛ አፍ ተለውጦ ነው እንጂ። ጥይቱ 11 ሚሊሜትር፣ ባሩዱ ጥቁር። ቀለሁ ወፍራም ነው።

ቀለሆቹ አረንጓዴ ሰም የመሰለ ነገር አውጥተው ቆዳው ላይ ተጣብቀዋል። አንዱን በጉጠት ብስበው ኪሱ ተቀደደ። እማዬ «ተው አንተ ልጅ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ጥፋቱ የቆዳው ነው። ቆዳ ሲለፋ የሚገባበት አሲድና ቅባቱ ነሐሱን ይበላዋል።

መጀመሪያ ሁሉም ባዶ መሆን አለመሆኑን አየሁ። ቂጣቸው ላይ የጠመንጃው መርፌ ምት አለ፣ አፋቸው ክፍት ነው። አንዱ ግን እርሳሱ አልወጣም። እሱን አልነካሁትም፤ ፖሊስ ጠርቼ ወሰዱልኝ።

ለቀሩት በቆዳውና በነሐሱ መሃል ትንሽ ዘይት ጠብ አደረግሁ። አደረ። ጠዋት ከታች በእንጨት ስገፋው ሾልኮ ወጣ። ከዚያ ሎሚና ጨው በለብታ ውሃ፣ አምስት ደቂቃ። የመጀመሪያውን ረስቼው ቡና ስጠጣ ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ነሐሱ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነውና፣ የሎሚው አሲድ ዚንኩን በልቶ መዳቡን አስቀርቶታል። አሁንም እንደዚያው ነው።

በደንብ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ አደረቅኋቸው። ዝናሩ ባዶውን ተሰቅሏል፣ ቀለሆቹ በጠርሙስ ውስጥ ናቸው። እማዬ አልወደደችውም።