የከባድ መኪና ሹፌሮች በዕለት ፍተሻ ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ጠዋት ጠዋት መኪናውን ዞሮ የሚያይ ሹፌር ጥሩ ሹፌር ነው። ግን ዞሮ ማየት ብቻውን ፍተሻ አይባልም። እዚህ ያነሳኋቸው ስህተቶች ፍተሻውን የዘለለ ሰው ስህተቶች አይደሉም፤ “ፈትሻለሁ” ብሎ በሙሉ ልብ መንገድ የሚጀምር ሰው የሚሠራቸው ናቸው። ይበልጥ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው።

ጎማን በመዶሻ ወይም በእርግጫ መለካት። በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ድምፁ ጎማው ጨርሶ መተንፈሱን ሊነግራችሁ ይችላል። 100 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) መያዝ የሚገባው ጎማ 80 ላይ መሆኑን ግን አይነግራችሁም። እንዲህ የጎደለ ጎማ ጭነት ሲያርፍበት ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፤ ግለቱ ሲበዛ ይፈነዳል። ጥንድ ጎማ ላይ ነገሩ ይብሳል። የውስጠኛው አየር ቢያጥረው የውጪው ሸክሙን ተሸክሞት ስለሚቆም ከውጪ ምንም አይታይም። ስለዚህ ጌጅ፣ ማለትም የአየር ግፊት መለኪያ፣ ያዙ፤ እጅ ቢቆሽሽም የውስጠኛውን ለኩ። የሚለካው መኪናው አድሮ ጎማው ሳይግል ነው። መንገድ ላይ ግፊቱ ከፍ አለ ብሎ አየር ማስተንፈስም ስህተት ነው። ሙቀቱ ነው የጨመረው፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል።

ፍሬን ረግጦ “ይይዛል” ብሎ መነሳት። በታመቀ አየር የሚሠራው የአየር ፍሬን በዚህ አይፈተንም። የአየር ታንኮቹ እስኪሞሉ ጠብቁ፤ አብዛኞቹ መኪኖች ላይ 120 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ጎማዎቹን በታኮ አግዱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ከዚያ የእግር ፍሬኑን ረግጣችሁ ያዙና ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የአየር ጌጅ 1 ደቂቃ ተመልከቱ። መጀመሪያ ሲረገጥ የሚወርደው አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ያለ ተሳቢ ከ3፣ ከተሳቢ ጋር ከ4 ፒኤስአይ በላይ ከወረደ አየር የሚወጣበት ቦታ አለ፤ ሳይገኝ አትነሱ።

እዚያው ላይ እያላችሁ የአየር ታንኮቹን ውሃ አፍስሱ። አየር ሲጨመቅ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ታች ይጠራቀማል፣ ቫልቮቹን ያዝጋል፣ በብርድም ይቀዘቅዛል። ከውሃው ጋር ብዙ ዘይት ከወጣ አየሩን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ዘይት እያሳለፈ ነው ማለት ነው። ሌላም አለ፦ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ፍሬን በላላ ቁጥር በቁልፍ እያጠበቁ መሄድ። ላላ ማለት የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ማጥበቁ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም። ቦታው ጋራዥ ነው።

የአየር ፊልትሮን በኮምፕሬሰር መንፋት። ንጹሕ ይመስላል፤ ወረቀቱ ግን በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ይበሳል። በዚያ የገባ አቧራ ፒስተን ቀለበቱንና ሲሊንደሩን ይበላል። የፊልትሮው መዘጋት ማመላከቻ ሲጠይቅ አዲስ ቀይሩ።

ጎማ ተቀይሮ ዳዶውን (ጎማውን የሚያስረውን ብሎን) አንዴ አጥብቆ መርሳት። ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከተጓዛችሁ በኋላ በልኩ ቁልፍ እንደገና ይጠበቃል። ከዳዶው ሥር የዝገት መስመር ወደ ውጪ ከፈሰሰ መላላቱን እየነገራችሁ ነው።

ዘይትን ሞተሩ እንደጠፋ ወይም ተዳፋት ላይ መለካት። ሜዳ ላይ አቁማችሁ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከላይኛው ምልክት ማሳለፍም እንደ ማጉደል ጎጂ ነው። የራዲያተር ክዳን ደግሞ ሞተሩ ግሎ ሳለ አይከፈትም፤ የሚወነጨፈው ውሃ ፊት ያቃጥላል።

ግራሶን ኒፕሉን (ግራሶ የሚገባበትን ትንሽ አፍ) ሳይጠርጉ መግፋት። አፉ ላይ የተለጠፈው አሸዋ አብሮ ክሮቼራው (የማስተላለፊያ ዘንጉ መስቀለኛ መጋጠሚያ) ውስጥ ይገባል። ጥረጉ፣ አሮጌው ግራሶ በዳር እስኪወጣ ግፉ።

ያዩትን አለመጻፍ። “ግማሽ ሊትር ዘይት ጨመርኩ” የሚለው ነገር አንድ ቀን ብቻውን ምንም አይደለም። በየቀኑ ተጽፎ ሲታይ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ወይም እያፈሰሰ መሆኑን ያሳያል። መኪናውን ነገ ሌላ ሹፌር የሚረከብ ከሆነ ደብተሩ የግድ ነው። ለተሳቢው ለብቻው ደብተር ይኑረው፤ ዛሬ እናንተ ብትጎትቱትም ነገ በሌላ መኪና ሊሄድ ይችላል።