አሜሪካ ኮምፒውተር ሳይንስ ልትማሩ ነው? ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት ይህን እዩ

ግሪን ካርድ ይዛችሁ ከገባችሁ ገና ጥቂት ወራችሁ ከሆነ መካሪ አይጠፋም። አንዱ «ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ግባ» ይላል። ሌላው «ስድስት ወር ኮርስ ወስደህ ሥራ ጀምር» ይላል። ሁለቱም ለእናንተው አስበው ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የሜጀሩ፣ ማለትም ዲግሪ የምትይዙበት የትምህርት ዘርፍ፣ በር ለእናንተ ክፍት ነው ወይ?

እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ መግባትና ኮምፒውተር ሳይንስ መግባት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ፈላጊው ስለበዛ የሚቀበሉትን ተማሪ ቁጥር የገደቡ ትልልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሲያትል ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን አንዱ ነው። ገና ስታመለክቱ ለኮምፒውተር ሳይንስ ካልተመረጣችሁ፣ ግቢ ከገባችሁ በኋላ ወደዚያ መቀየር በጣም ከባድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድም ሜጀሩን ቁጥር ከተገደበባቸው ውስጥ አስገብቶታል።

ስለዚህ የመቀበያ ደብዳቤው ሲመጣ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለውን አንብባችሁ አትዝጉት። ወረድ ብላችሁ ሜጀር የሚለውን መስመር ፈልጉ። «ኮምፒውተር ሳይንስ» ነው የሚለው? ወይስ ከፊቱ «ፕሪ» የምትል ቃል አለች? ያቺ ትንሽ ቃል ብዙውን ጊዜ «በኋላ እንደገና ታመለክታላችሁ» ማለት ናት። ግልጽ ካልሆነላችሁ ለአድሚሽን ቢሮ ኢሜይል ጻፉ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙት።

ቀጥሎ ገንዘቡ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለስቴቱ ነዋሪና ከሌላ ስቴት ለመጣ ሰው የሚያስከፍለው በጣም ይለያያል። እንደ ነዋሪ ለመቆጠር በአብዛኛው ቢያንስ 12 ወር እዚያው መኖርና ያንን በኪራይ ውል፣ በመንጃ ፈቃድ፣ በታክስ ማሳየት ይጠበቅባችኋል። ዘመድ ስላለ ብቻ ስቴት ከቀየራችሁ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ የፌዴራል እርዳታ መጠየቅ ይችላል፤ በተማሪ ቪዛ የመጣ ግን አይችልም። የማይመለሰው ፔል ግራንት ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚልኩት የእርዳታ ደብዳቤ ላይ ግራንትና ብድር ተደባልቀው ሊቀርቡ ይችላሉ። እስክሪብቶ አንሱና ብድሩን ሰርዙት። የሁለት ዩኒቨርሲቲዎችን ዋጋ ማወዳደር የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ መጀመርን እንደ ውድቀት የሚያዩ ቤተሰቦች ያሳዝኑኛል። ሁለት ዓመት በርካሽ ተምሮ 60 ክሬዲት ይዞ ዩኒቨርሲቲ መዛወር፣ ለእኛ ለአዲስ ገቢዎች ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰሜን ቨርጂኒያ ያላችሁ ለምሳሌ፣ ኖቫ የሚባለው የአካባቢው ኮሚኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም አላቸው፤ የምትወስዱት ኮርስ ከመጀመሪያው ቀን ተመርጦ ይሰጣችኋል።

አደራ የምላችሁ ግን አንድ ነገር አለ። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ «ኤ.ኤስ.» እና «ኤ.ኤ.ኤስ.» የሚባሉ ዲግሪዎች አሉ። የመጀመሪያው ለመዛወር የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛው በቀጥታ ሥራ ለመግባት ነው፤ ብዙ ኮርሱ ለኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ አይቆጠርም። የማውቀው አንድ ልጅ በዚህች አንዲት ፊደል ምክንያት አንድ ዓመት ሙሉ ደግሞ ተምሯል። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ የነገረው ሰው አልነበረም።

የትምህርቱን ይዘት ለማወቅ ካታሎጉን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲውን የኮርሶች ዝርዝር፣ ክፈቱ። ካልኩለስ፣ ዲስክሪት ማቲማቲክስ፣ ዳታ ስትራክቸር፣ አልጎሪዝም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ካላያችሁ፣ ስሙ ምንም ቢሆን የምትማሩት ወደ አይቲ ያዘነበለ ነው። አይቲ ጥሩ ሙያ ነው፤ ብቻ አውቃችሁ ግቡበት። አቤት (ABET) የሚባለው የምህንድስናና የኮምፒውተር ትምህርቶችን የሚመዝን ድርጅት እውቅና የለውም ብላችሁ አንድን ዩኒቨርሲቲ አትጣሉ፤ የስታንፎርድ ኮምፒውተር ሳይንስም የለውም። የዩኒቨርሲቲው የራሱ እውቅና ግን የግድ ነው። በቴሌቪዥን ብዙ ያስተዋውቅ የነበረው አይቲቲ ቴክ የሚባል ኮሌጅ በ2016 በአንድ ጊዜ ሲዘጋ፣ ብዙ ተማሪዎች ክሬዲታቸውን የሚቀበላቸው አጥተዋል።

ከየትኛው የሒሳብ ኮርስ እንደምትጀምሩ የሚወስነውን የመግቢያ ሒሳብ ፈተና ደግሞ ዝም ብላችሁ ሄዳችሁ አትፈተኑ። ውጤታችሁ ዝቅ ካለ ካልኩለስ ለመድረስ ብቻ ሁለት ሦስት ሴሚስተር ሊሄድባችሁ ይችላል፤ ሌሎቹ ኮርሶችም ከሱ ኋላ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አገር ቤት ሒሳቡን በደንብ ተምራችሁታል፤ የሚያደናግረው የእንግሊዝኛው አጠያየቅና የተረሳው ቀመር ነው። ሁለት ሳምንት ቁጭ ብላችሁ አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ ከልሱ። ካን አካዳሚ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ።