ስድስት ኪሎ ከመድረስዎ በፊት፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በምዝገባ ሰሞን ስድስት ኪሎ ዋናው በር ላይ ሻንጣና ብርድ ልብስ የተሸከመ ተማሪ፣ አጠገቡም ከክፍለ ሀገር አብሮት የመጣ አባት ማየት የተለመደ ነው። ጥበቃው ወረቀቱን አገላብጦ ያይና «የእናንተ እዚህ አይደለም» ብሎ እጁን ቁልቁል ይዘረጋል። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው አንድ ግቢ ይመስላቸዋል።

ዋናው ግቢ በአብዛኛው የማኅበራዊ ሳይንስ፣ የቋንቋ፣ የሕግና የትምህርት ቤት ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ አራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ አምስት ኪሎ፣ ሕክምና ጥቁር አንበሳ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ትምህርት ደግሞ ልደታ ነው። ሁሉም «ኤፍቢኢ» የሚለው የንግድና የኢኮኖሚክስ ትምህርት ግቢ ለስድስት ኪሎ ቅርብ ቢሆንም በሩ ሌላ ነው። የእንስሳት ሕክምና የደረሰው ተማሪ ደግሞ ጭራሽ ቢሾፍቱ ነው የሚወርደው። መበታተኑ ታሪክ ያመጣው ነው። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ አራት ኪሎ ማስተማር ሲጀምር፣ ኢንጂነሪንግና ሕንፃ ግንባታ ገና ወደፊት በየፊናቸው የሚቋቋሙ ኮሌጆች ነበሩ። በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ ከከሸፈ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ፤ ኮሌጆቹም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ተጠቃለሉ። ግቢዎቹ ግን እዚያው በየቦታቸው ቀሩ። ስለዚህ ከቤት ሳይነሡ የኮሌጁን ስምና ግቢውን ከምደባ ወረቀቱ ላይ ያረጋግጡ። የሚጠየቀው ሬጅስትራርም የዚያው ኮሌጅ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የቀድሞ ምሩቅን ምክር እንደ ወቅታዊ መመሪያ መያዝ ነው። ዩኒቨርሲቲው በአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ የአከፋፈልና የምደባ አሠራሩም ተለውጧል። የአጎት ልጅ በ2005 ዓ.ም. እንዴት እንደገባ መስማት ለጨዋታ ጥሩ ነው፤ ለምዝገባ ግን አይሆንም።

በዚህ ላይ የወጪ መጋራት ውል አለ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚፈርመው ይህ ውል በሰልፍ ግፊያ መካከል ሳያነቡት የሚፈረም ወረቀት ሆኗል። ዕዳው በኋላ ከደመወዝ የሚከፈል ነው፤ ዋናውን ዲግሪ ሊወስዱ ሲሄዱም ማስረጃው ይጠየቃል። የፈረሙትን ቅጂ ያስቀምጡ።

እኔን ግን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የቤተ መጻሕፍቱ ጉዳይ ነው። ተማሪው በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ስም የተሰየመውን ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ያውቃል፤ የሚያውቀውም ለፈተና የሚያጠናበት ወንበር ስላለው ነው። ጥቂት እርምጃ አልፎ፣ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። የብራና መጻሕፍቱን ጨምሮ ስለ ኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፈውን የሚሰበስብ፣ በሪቻርድ ፓንክኸርስት መሥራች ዳይሬክተርነት የተጀመረ ተቋም ነው። ስለ ጎንደር ወይም ስለ ወሎ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ሳይረግጥ ሁለት የኢንተርኔት ገጽ አገላብጦ «ጽሑፍ አላገኘሁም» ሲል እሰማለሁ። የቀደሙ ተመራቂዎች ጽሑፎችም በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማከማቻ ይገኛሉ። ርዕስ ከመምረጥዎ በፊት እነዚህን ቢያዩ፣ ሌላው የጨረሰውን እንደ አዲስ ከመጀመር ይድናሉ።

በዚሁ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ያለውን ሙዚየም ለማየት የሚመጡ እንግዶችም ወደ ውስጥ ይቸኩሉና ደጁ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ ያልፉታል። ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ነው። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት ይቆጥራል። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃውን ከማፍረስ ይልቅ አንበሳውን መጫን ያሰበ ሰው ቀልድ ያውቅ ነበር እላለሁ። ፎቅ ላይ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይታያል።

ወደ ተማሪው ልመለስ። ታሞ ወይም ተቸግሮ ትምህርት ማቋረጥ ያጋጥማል። ስህተቱ ለማንም ሳይናገሩ ሻንጣ ይዞ መሄድ ነው። ማቋረጫ ቅጽ ያልሞላ ተማሪ በመዝገብ ላይ ፈተና የቀረ ሆኖ ይቆያል፤ የመውደቂያው «ኤፍ» ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ቅጹን ሞልቶ፣ የሕክምና ማስረጃውን አያይዞ፣ ክሊራንስ ጨርሶ የወጣ ግን በመልሶ ቅበላ ለመመለስ መንገድ አለው።

የስም አጻጻፍ ጣጣው የሚታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ውጭ አገር ላለው ምሩቅ ደግሞ ይብሳል። በአማርኛ «ፀሐይ» አንድ ነው፤ በላቲን ፊደል ግን አንዱ ማስረጃ በ«ቲ» ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። የልደት ዘመንም አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ይሰፍራል። አሜሪካ ያለው ሰው ዲግሪውን ሊያስገመግም ሲነሣ ፓስፖርቱና ትራንስክሪፕቱ የሁለት ሰው ይመስላሉ። ይህን ገና አንደኛ ዓመት ሳሉ ሬጅስትራር ቀርበው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዎ ጋር ያስተካክሉ። ገምጋሚ ድርጅቶች በአብዛኛው የሚቀበሉት ከዩኒቨርሲቲው በታሸገ ፖስታ የተላከ ትራንስክሪፕት ስለሆነ፣ በሻንጣ ይዘውት የሄዱት ብዙ ጊዜ አይረዳም። አገር ቤት ባለ ወንድም ወይም እህት በኩል የሚያስጨርሱ ከሆነም በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በሚሰጡት ውክልና ላይ የትምህርት ማስረጃ ማውጣትንና ማስላክን በግልጽ ያስጽፉ።