ሳምባ የይለፍ ቃል አልቀበል ሲል፣ መጻፍም ሲከለክል

የቤት ሊኑክስ ሰርቨር ላይ በሳምባ (የሊኑክስን ፎልደር ለዊንዶውስ በኔትወርክ የሚያጋራ ፕሮግራም) ፎልደር አጋርታችሁ ዊንዶውስ የይለፍ ቃሉን አልቀበል ካለ፣ ሳምባ የሊኑክሱን የይለፍ ቃል እንደማይጠቀም አስታውሱ። የራሱ መዝገብ አለው። ተጠቃሚው ሊኑክስ ላይ ቢኖርም በ«ኤስኤምቢፓስደብሊውዲ» ትእዛዝ፣ በ«-ኤ» አማራጭ፣ ለብቻው መጨመር አለበት።

ፎልደሩ ተከፍቶ መጻፍ ከከለከለ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ሳምባ ቢፈቅድም የሊኑክስ ፈቃድ ከከለከለ አይሆንም። ብዙ ሰው የሚደክመው የላይኛውን ፎልደር ሳያይ ነው፦ ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ የተጠቃሚን ሆም ፎልደር (የግል ፎልደሩን) በ750 ፈቃድ፣ ማለትም ከባለቤቱና ከግሩፑ ውጭ ላለ ሰው ዝግ አድርጎ ስለሚፈጥር፣ ውስጡ ያለውን 777 (ለሁሉም ክፍት) ብታደርጉትም ሌላ ተጠቃሚ አይደርስበትም። 777ን ጨርሶ አልመክርም! ፎልደሩን ከሆም አውጥታችሁ «ኤስአርቪ» በሚባለው የሰርቨር ፎልደር ሥር አድርጉት፣ የጋራ ግሩፕ ስጡት፣ ፈቃዱን 2775 አድርጉ። የፊቱ 2 አዲስ ፋይሎች ግሩፑን እንዲወርሱ ያደርጋል። ሳምባ ማስተካከያ ፋይል ላይ «ክሬት ማስክ» (የአዲስ ፋይሎች ፈቃድ ገደብ) 0664፣ «ዳይሬክተሪ ማስክ» (የአዲስ ፎልደሮች) 2775 ይሁን፤ «ክሬት ማስክ» ካልነካችሁት 0744 ስለሆነ አንዱ የፈጠረውን ፋይል ሌላው ማረም አይችልም።

ከዚያ የሳምባን ማስተካከያ ፋይል በ«ቴስትፓርም» ትእዛዝ ፈትሹና ሳምባን እንደገና አስነሡ። ፋየርዎል ካለ የቲሲፒ ወደብ 445 ይከፈት። ዊንዶውስ የድሮውን የተጠቃሚ ስም ይዞ ከቀረ ከዊንዶውስ አካውንታችሁ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ።