ጭሱ አንድ፣ አይጡ ሁለት፦ የዲኤንኤ ጉዳት በሁለት የአይጥ ዘሮች ላይ እንዴት ይወዳደራል?

አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ዓሣ ከሰል ላይ ሲጠበስ አይታችኋል? ስቡ ፍሙ ላይ ጠብ ሲል ጭስ ይትጎለጎላል። በዚያ ጭስ ውስጥ ቤንዞፓይሪን የሚባል፣ ዲኤንኤን (በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የያዘውን ክር) የሚጎዳ ካንሰር አምጪ ኬሚካል አለ። በማገዶና በሲጋራ ጭስም አለ። «አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ ስትታጠን ኖራ ምንም አልሆነችም» የሚል ሰው ባሕር ዳር ውስጥ አይጠፋም። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሰው ከሰው ይለያያል። ይህን በሰው ላይ መሞከር ግን ነውር ነው። ስለዚህ አይጥ ላይ ይሞከራል፣ እሱም በላብራቶሪና በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ።

መጀመሪያ አይጦቹን ምረጡ። ከጎተራ የተያዘ አይሆንም። የሚፈለጉት ቢያንስ ለ20 ትውልድ ወንድምና እህት እየተዳቀሉ የመጡ፣ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ናቸው። ጥቁሩን ሲ57 ብላክ 6 እና ፈዛዛ ቡናማውን ዲቢኤ 2 ውሰዱ። የጥቁሩ ሴል ቤንዞፓይሪንን አጥብቆ የሚይዝ ተቀባይ ፕሮቲን አለው። ፕሮቲኑ ኬሚካሉን ሲይዝ የሚሰባብሩት ኢንዛይሞች በብዛት ይመረታሉ። የዲቢኤው ፕሮቲን አያያዙ ላላ ያለ ነው።

ዕድሜ፣ ፆታና መኖ እኩል ይሁን። ከየዘሩ ሁለት ቡድን አውጡ፣ በየቡድኑ ቢያንስ 5 አይጥ። አንዱ ኬሚካሉን በዘይት ይወስዳል፤ ሌላው ዘይቱን ብቻ።

የመጨረሻው ዶዝ ከተሰጠ በኋላ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከጉበትና ከአጥንት መቅኔ ሴል ይወሰዳል። ከዚህ በኋላ መብራቱን ቀንሱ፤ ብርሃን ራሱ ዲኤንኤ ይበጥሳል። ሴሎቹን ለብ ካለ አጋሮዝ (ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋ ነገር) ጋር አዋህዳችሁ ስላይድ ላይ በስሱ አርጉ። ጨውና ዲተርጀንት ባለው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ቢያንስ 1 ሰዓት ይቆይ፤ የሴሉ ሽፋን ይሟሟል፣ ዲኤንኤው ይቀራል። ቀጥሎ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያው ከ13 በላይ የሆነ፣ ማለትም እጅግ አልካላይን የሆነ ፈሳሽ ውስጥ ክሮቹ ይፍታቱ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ልቀቁበት። የተበጣጠሰው ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ ይሳባል፤ ደህናው ባለበት ይቀራል። ቀለም ነክራችሁ በማይክሮስኮፕ ስታዩት ልክ እንደ ጅራታም ኮከብ ነው፤ ጅራቱ የተበጣጠሰው ዲኤንኤ ነው። ስሙም ከዚያ መጣ፦ የኮሜት ምርመራ።

በኛ ከተማ ሙቀት ፈሳሹ ቶሎ ይሞቃል፤ በጠዋት ጀምሩ። መብራት መሀል ላይ ከሄደ ያ ዙር አበቃ፤ ካቆምኩበት ልቀጥል አይባልም። እኔ ስንት ስላይድ እንደጣልኩ አትጠይቁኝ።

ከእያንዳንዱ አይጥ 150 ሴል ይቆጠራል። ቆጣሪው የትኛው ስላይድ የየትኛው አይጥ እንደሆነ ማወቅ የለበትም። ካወቀ ዓይኑ ያዳላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ መጣ። «የቱ አይጥ ነው ጠንካራው?» ብሎ መጠየቅ። ኢንዛይሞቹ ሁለት ሥራ አላቸው፦ ቤንዞፓይሪንን ዲኤንኤ ላይ የሚለጠፍ መርዝ ያደርጉታል፣ ከሰውነትም ያስወጡታል። ኬሚካሉ በአፍ ሲገባ የጥቁሩ አንጀትና ጉበት ቀድመው ያጸዱታል፤ መቅኔው የሚጎዳበት ዲቢኤው ነው። ከቆዳ ሥር ሲወጋ ግን ዕጢ በብዛት የሚያወጣው ጥቁሩ ነው። አንድ ኬሚካል፣ ሁለት በር፣ የተገለበጠ ውጤት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የተለጠፈው መርዝ በራሱ ብጣሽ አይደለም። ጅራቱ በአብዛኛው የሚታየው ሴሉ ጉዳቱን ሊጠግን ዲኤንኤውን ሲቆርጥ ነው። ስለዚህ አጭር ጅራት ስላያችሁ ብቻ «አልተጎዳም» ብላችሁ አትጻፉ። ሠንጠረዡ ላይም ከዘሩ ስም ጎን ኬሚካሉ በየት በኩል እንደገባና ሴሉ ከየትኛው አካል እንደተወሰደ አስፍሩ።